ቶር ብራውዘር፦ «ሴፈር» ወይስ «ሴፈስት»?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያሉ ጎረቤቶቼ ማንነትን ደብቆ ኢንተርኔት ለመጠቀም የሚያገለግለውን ቶር ብራውዘርን ከጫኑ በኋላ የሚጠይቁኝ፣ ከአድራሻ መጻፊያው ጎን ያለችውን የጋሻ ምልክት ሲነኩ ከሚመጡት የደህንነት ደረጃዎች የትኛውን እንደሚመርጡ ነው። «ሴፈር» ጃቫስክሪፕትን (ድረ ገጾች በብራውዘሩ ውስጥ የሚያስኬዱትን ኮድ) የሚከለክለው ኤችቲቲፒኤስ (ግንኙነቱን የሚያመሰጥር አሠራር) በሌላቸው ድረ ገጾች ላይ ብቻ ሲሆን፣ «ሴፈስት» ግን በሁሉም ላይ ያጠፋዋል። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ በ2013ም ሆነ በ2016 የቶር ተጠቃሚዎችን ማንነት ለማጋለጥ የተሰነዘሩት የታወቁ ጥቃቶች ቶር ብራውዘር በተሠራበት በፋየርፎክስ ብራውዘር የደህንነት ክፍተት ሾልከው የገቡት በጃቫስክሪፕት አማካይነት ነበርና። በእርግጥ በ«ሴፈስት» ብዙ ቅጾች አይሠሩም፣ አንዳንድ ገጾችም ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ቢሆንም ምንጩን መደበቅ ላለበት ጋዜጠኛ ያለማመንታት የምመክረው እሱን ነው። ዜና ብቻ ለሚያነብ፣ ማሻሻያ እንደወጣ ወዲያው እስከጫነ ድረስ፣ «ሴፈር» ይበቃዋል። ደረጃውን የቀየረ ሰው ብራውዘሩን ዘግቶ እንደገና ይክፈተው።