ጋምቤላ ሚሽን ገብቶ በነፃ ማስተማር፦ የ10 ወር ልምዴ፣ ከ5 ኮከብ 3 ተኩል

በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። አምና ከመስከረም እስከ ሰኔ ጋምቤላ ክልል፣ ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ካለ አንድ የካቶሊክ ሚሽን ግቢ ውስጥ እየኖርኩ በበጎ ፈቃድ ሳስተምር ነበር። ምግብና አልጋ በነሱ፣ የኪስ ገንዘብ በወር 2,500 ብር። ስም አልጠራም፣ የምወቅሰው ነገር አለኝ፣ ሰዎቹን ደግሞ እወዳቸዋለሁ። ሚሽኑን ለብቻው ስጥ ካላችሁኝ 4 ከነምናምኑ፣ አዲስ አበባ ሆኖ መልምሎ የሚልከው ቢሮ ግን 2 ከበዛለት ነው፣ አንድ ላይ 3 ተኩል በሉት። (ሂሳቡ ልክ አይደለም አውቃለሁ፣ ሚሽኑን ስለማደላለት ነው።)

ከቢሮው ልጀምር። ኦረንቴሽን የሚሉት ግማሽ ቀን ነው፣ የሚስቁ ልጆች ፎቶ በፕሮጀክተር እያሳዩ ስለ ፍቅርና ስለ አገልግሎት ያወሩላችኋል፣ በቃ። 5ኛና 6ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው የምታስተምረው ብለውኝ ስደርስ 7ኛና 8ኛ ሂሳብ ሆነ። ዋይፋይ አለ ብለውኝ ኔትወርኩ የሚገኘው ከውሃ ታንከሩ ጎን ቆሞ፣ እሱም ማታ ማታ። ከሁሉ የሚያስቀው ግን "ይዛችሁ የምትሄዱት ዕቃ" የሚል ወረቀት ሰጥተውን አንደኛ ተራ ላይ ብርድ ልብስ የሚል ነበር። ጋምቤላ! ያንን ወረቀት ማን ለየትኛው ደጋ እንዳዘጋጀው እግዜር ይወቀው፣ እኔም ሞኙ ከመርካቶ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቼ ተሸክሜ ሄድኩላችሁ።

መንገዱ በጅማ፣ በደሌ፣ መቱ፣ ጎሬ ነው፣ ሁለት ቀን። ገንዘብ ያላችሁ አውሮፕላን አለ፣ ብሩ ይውጣ እንጂ በሱ ሂዱ። በመኪና የሚሄድ ግን አንድ ነገር ያያል፣ ጎሬ ላይ ጠዋት ጃኬት ለብሼ ነው የተሳፈርኩት፣ ከቡሬ በኋላ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሮ ይደፈናል፣ ጃኬት ወለቀ፣ ሹራብ ወለቀ፣ ጋምቤላ ከተማ ስንደርስ ወንበሩ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ከተማው ከባህር ጠለል በላይ 500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው አየሩ ራሱ ወፍራም ነው የሚመስለው። ባሮ ዳር ማንጎው፣ ቆሻሻው ላይ ሽማግሌ መስለው የሚንጎራደዱት አባ ኮዳዎች፣ ደስ ይላል። በእንግሊዞች ጊዜ ከካርቱም መርከብ እየመጣ ቡና የሚጫነው እዚህ ነበር ብለው ሲያሳዩኝ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር፣ ክረምት ላይ ወንዙን ሞልቶ ሳየው ነው ያመንኩት።

ክፍሌ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አጎበር። አጎበሩ ሁለት ቦታ የተቀደደ ስለነበር በጥርስ ማጽጃ ክር ሰፋሁት (የራሳችሁን ያዙ፣ ጥብቅ ምክር ነው)። ጀነሬተር ማታ 3 ሰዓት ይጠፋል፣ ከዛ በኋላ ባትሪና እንቁራሪት ብቻ። የካቲትና መጋቢት ላይ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ፍራሹን በረንዳ አውጥቶ መተኛት ነው፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ አትፈሩ።

ግቢው ውስጥ ሦስት አባቶችና ሁለት ሲስተሮች አሉ፣ ከአባቶቹ አንዱ ህንዳዊ፣ አንዱ ፖላንዳዊ፣ አንዱ የኛው። አንድ ሕግ ነው ያላቸው፣ እራት ላይ ማንም አይቀርም። ጠዋት ቅዳሴ ና ብሎ ያስገደደኝ የለም፣ ኦርቶዶክስ መሆኔን ያውቃሉ፣ እራት ላይ መቅረት ግን አይቻልም። መጀመሪያ ሳምንት እንግዳ ነኝ ብዬ በልቼ እጄን ታጥቤ ቁጭ አልኩ፣ ዋናው አባ ተነስተው እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳህን ማጠብ ጀመሩ። ደንግጬ "ኧረ አባ ይተዉት እኔ አጥባለሁ" ስላቸው ሳህኑን ሳይሆን ማድረቂያ ፎጣውን ነው ያቀበሉኝ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ። ከዛ ቀን ጀምሮ 10 ወር ሙሉ ሳህን አድራቂ ነበርኩ። ግድግዳው ላይ የጋምቤላ ካቶሊክ ጳጳስ የነበሩት የአንጀሎ ሞሬስኪ ፎቶ አለ፣ አባ መላኩ የሚሏቸው፣ በ2012 በኮሮና ያረፉት፣ እስካሁን ስማቸው ሲነሳ ገበታው ዝም ይላል።

ጾም ያሳስበኛል ለምትሉ፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። እነሱ አርብ የባሮ አሳ ነው የሚበሉት፣ እኔ ደግሞ አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ሆዴ እየጮኸ ማካሄድ አልፈልግም። ወጥ ቤት ያሉት እናት የወለጋ ሰው ናቸው፣ ጴንጤ ናቸው፣ ረቡዕ አርብ የሚባል አያውቁም። ግን በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ አርብ ለት ማንም ሳይነግራቸው ከምድጃው ጥግ ትንሽ ድስት ሳህን ተከድኖባት አየሁ፣ ሽሮ። "ያንተ ናት፣ ዘይቷን ለብቻ ነው ያበሰልኩት" አሉኝ። ሁዳዴን 55ቱን ቀን በዛች ድስት ነው የወጣሁት፣ ሙቀቱ ግን ከጾሙ በላይ ነው፣ ውሃ እየጠጣችሁ።

ትምህርት ቤቱ ጋ ስንመጣ ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነው፣ በብረት ይመታል። 7ኛ ክፍል መዝገብ ላይ 74፣ የሚመጡት 50 ቢሆኑ ነው፣ ከኔ በቁመት የሚበልጡ አሉ፣ በዕድሜም የሚቀራረቡኝ። አብዛኞቹ ኑዌር ናቸው፣ የሴቶቹ ስም ከሞላ ጎደል ሁሉም በ"ኛ" ይጀምራል፣ ስም ስጠራ ሁለት ወር ሙሉ ተሳቀብኝ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ እኔ ሲጨንቀኝ አማርኛ እገባለሁ፣ እነሱ መሃላቸው በኑዌርኛ ይተረጓጎማሉ፣ አንድ "ፐርሰንት" ሦስት ቋንቋ አቋርጦ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አስቡት። አንድ ሱቅ 20 በመቶ ቅናሽ ቢያደርግ ብዬ ጻፍኩ፣ ዝም። ደግሜ አስረዳሁ፣ ዝም። ኋላ መስኮት ጋ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ "ቲቸር፣ በላም አርገው" አለኝ። እሺ፣ ለጥሎሽ ከመጣ 25 ላም 40 በመቶው ለእናቷ ወገን ቢሰጥ ስንት ይደርሳቸዋል? ክፍሉ ፈነዳ። አስር ያለው አለ፣ ከእናት ወገን ለማን ለማን እንደሚከፋፈል የሚከራከር አለ፣ አንዷ ደግሞ ተነስታ "ላሟ ከነጥጃዋ ከሆነችስ፣ አንድ ናት ወይስ ሁለት?" አለችኝ። እስካሁን መልሱን አላውቀውም። ከዛ በኋላ ግን ዓመቱን ሙሉ በላም ነው ያስተማርኩት።

ወባ ይይዛችኋል፣ ይይዘኝ ይሆን ብላችሁ አትጨነቁ፣ ይይዛችኋል። እኔን በአምስተኛው ሳምንት ነው የጣለኝ፣ ሲስተር ጣቴን ወግታ በኪት መረመረችኝና ኮአርተም ሰጠችኝ። ያን ለሊት ውጭ ላብ የሚያጠምቅ ሙቀት እያለ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር፣ ያ የረገምኩት ብርድ ልብስም በ10 ወር ውስጥ የሠራው የዛን ለሊት ብቻ ነው። ቢሮውን አንድ ኮከብ ልጨምርለት ነበር፣ ግን የኪስ ገንዘቡን የሦስት ወር አጠራቅመው ጥር ላይ ነው የላኩት፣ እስከዛ የካርድ ብር የምበደረው ከአባ ነበር፣ ያሳፍራል።

ሌላው መንገድ ይዘጋል። ጸጥታው ሲደፈርስ ሁለት ሳምንት ትምህርት የለም፣ ከግቢም መውጣት የለም፣ ቤተሰብ ይጨነቃል። ይሄንን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም፣ ሊነገር ይገባል። ሚሽኑም ቢሆን ጥፋት የለውም አልልም፣ የመጀመሪያውን ወር ምን እንደምሠራ የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ ሌላው አስተማሪ የሚሄድበት እየሄድኩ ነው የከረምኩት፣ ሁሉም ጥሩ ሰው ስለሆነ ሁሉም ሌላው ነግሮታል ብሎ ያስባል።

ለሦስት ወር የምታስቡ ባትሄዱ ይሻላል፣ ሦስቱ ወር ስም አጠራር ለመማርና ወባ ለመታመም ነው የሚያልቀው። የምትሄዱ አጎበር፣ የራስ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ጠመኔ ጨምሩ (እዛ ያለው ሰሌዳ ላይ አይታይም)። የ8ኛ ክፍል ሂሳብ ከነክልላዊ ፈተና ጥያቄው በደብተር ሠርቼ አስተማሪዎች ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ ትቼዋለሁ፣ ሁለተኛው መደብ፣ ቁልፉ ሲስተር ጋ ነው። የላሞቹ ጥያቄዎች ከኋላ ገጽ ናቸው። ብርድ ልብሱንም እዛው ነው የተውኩት።