«ሙቀት አያውቅም» ያሉኝ መኪና

አዳማ ላይ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ኮሮላ ገዝቼ የደረሰብኝ ነገር እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው። የሻጩንም የደላላውንም ስም አልጠራም። ይህን ዘዴ የሚጠቀሙት እነሱ ብቻ አይደሉምና ስማቸውን ሳይሆን ዘዴውን ብታውቁ ይሻላል፤ ከልክ በላይ የሚሞቅ ሞተርን ጤነኛ አስመስሎ መሸጥ ነው።

መኪናውን ያየሁት ፍራንኮ አካባቢ ነው። ሻጩ ራሱ እየነዳ አመጣው። ቀለሙ ደህና ነው፤ ወንበሩ ንጹህ ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ለስላሳ ነው። ሊብሬው በስሙ ነው፣ ቦሎውም አላለፈበትም። ወደ ወንጂ መውጫው ድረስ አብረን ነዳነው። እኩለ ቀን ነበር፤ የአዳማን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ደላላው ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ዘንበል ብሎ የሙቀት ጌጁን በጣቱ አሳየኝ። ቀስቱ ከ«ሲ»፣ ከቀዝቃዛው ጫፍ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሩብ እንኳ አልሞላም። «ወንድሜ፣ በዚህ ፀሐይ እንኳ እየው! ይሄ መኪና ሙቀት አያውቅም» አለኝ።

ደስ አለኝ። መኪና የሚገዛ ሰው የሚፈራው ቀስቱ ሽቅብ ሲወጣ ነው። ዝቅ ማለቱን ማን ይፈራል? በዚያው ሳምንት ተፈራርመን ገንዘቡን ከፈልኩ።

የመጀመሪያው ምልክት ቤንዚን ነበር። ይበላል። ሥራዬና ቤቴ ሩቅ አይደሉም፤ ግን ታንከሩን በሞላሁ በሳምንቱ መብራቱ ይበራል። ጠዋት ሳስነሳው ከማርሚታው የቤንዚን ሽታ ይመጣል፤ የማርሚታው አፍ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ጎረቤቴ «ካንዴላ ቀይር» አለኝ፤ ቀየርኩ። ለውጥ የለም። የዘይት መክደኛውን ስከፍት ከውስጥ በኩል ቡናማ እርጎ የመሰለ ነገር ተለጥፎበት አየሁ። በጨርቅ ጠርጌ ዘጋሁት። እሱን ዝም ብዬ ማለፌ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ አክስቴን ልጠይቅ ወደ አሰላ ወጣሁ። ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ዴራ ምንም የለም፤ ቀስቱ እንደ ልማዱ ታች ተኝቷል። ኢተያን አልፌ ዳገቱን ስይዝ ግን ቀስቱ መነሳት ጀመረ። ሩብ፣ ግማሽ፣ ከግማሽ በላይ። ሳምንታት ሙሉ ያልተነቃነቀው ቀስት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ «ኤች»፣ የሞቃቱ ጫፍ፣ ላይ ደረሰ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ኮፈኑን ሳነሳ እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ። እጄን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ስሰድ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከመንገዱ ማዶ «እንዳትነካው!» ብሎ ጮኸ። እግዚአብሔር ይስጠው። ክዳኑን ብከፍተው ኖሮ ፊቴ ላይ የሚመጣውን አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

መኪናው ተጎትቶ አዳማ ተመለሰ። አንድ ጓደኛዬ የሚያምናቸው ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ዳገቱ አልነበረም። «ከዚያ በፊት ቀስቱ የት ነበር የሚቆመው?» አሉኝ። ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ትልቁ የውሃ ቱቦ ሞተሩ ላይ የሚገባበትን ክዳን ሁለት ብሎን ፈተው አነሱና ጣታቸውን ከተቱ። ከዚያ እኔም ጣቴን እንድከት አደረጉኝ። ባዶ ነው። ዝገት የቀላቀለ ውሃ ብቻ። «እዚህ መኖር የነበረበት ቴርሞስታት ነው ልጄ። አውጥተው ጥለውታል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናዬ የቴስታታ ጋስኬት፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ እኔ ሳልገዛው በፊት ተበልቷል። እንዲህ ያለ ሞተር ሂት ያደርጋል፤ ከልክ በላይ ይሞቃል። ይህን በትክክል መጠገን ማለት ቴስታታውን አውርዶ ፊቱን ማስተካከልና ጋስኬቱን መቀየር ነው፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ቀን ይፈልጋል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው፤ አቋራጩ እሱን አውጥቶ መጣል ነው። ያኔ ውሃው ያለ ማቋረጥ በራዲያተሩ ውስጥ ይዞራል። ከተማ ውስጥ፣ በቀላል ጉዞ፣ ቀስቱ ታች ይቀራል፤ ደላላውም የሚያሳየው ነገር ያገኛል። ዳገትና ጭነት ሲመጣ ግን የሚቃጠለው ጋዝ በተበላው ጋስኬት በኩል ውሃው ውስጥ ይገባና ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ቦታውም አያግዝም። አዳማ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። ውሃውን ከዚህ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ግፊቱን ሲያጣ ወዲያው ይፈላል።

«ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ነው፣ ለእኛ አያስፈልግም» የሚል መካኒክ ብዙ ነው። ተንኮል ኖሮባቸው ሳይሆን ከልባቸው አምነው የሚያወጡትም አሉ። ስለዚህ ጋሼ ያሳዩኝን ልንገራችሁ። አዲስ ቴርሞስታት አመጡ። የመዳፍ ግማሽ የማታህል ብረት ናት፤ ጀርባዋ ላይ 82 የሚል ቁጥር ተቀርጾባታል። በክር አስረው ከሰል ምድጃ ላይ በተጣደ ጣሳ ውሃ ውስጥ አንጠለጠሏት፤ ቴርሞሜትርም ጨመሩበት። 60 ላይ ዝም። 70 ላይ ዝም። 80ን አለፍ እንዳለ ከንፈሯ ቀስ ብሎ መላቀቅ ጀመረ፤ ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ በደንብ ተከፈተች። ውስጧ ያለው ሰም ሲሞቅ እየተስፋፋ ነው የሚከፍታት። ሲቀዘቅዝ ስፕሪንጓ መልሶ ይዘጋታል። ሌላ ምንም የላትም። የውጪው አየር ሞቃት ሆነ ቀዝቃዛ፣ የእሷ ሥራ የሞተሩን ውሃ ሙቀት መጠበቅ ነው።

ሞተር ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። አብዛኛው የቤንዚን ሞተር የተሠራው ውሃው ከ85 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ እንዲሠራ ነው። ከዚያ በታች ሲቆይ የሞተሩ ኮምፒውተር «ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ ወደ ታች ወርዶም የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል። ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ርጥበትም ተኖ አይወጣም። መክደኛው ላይ ያየሁት እርጎ ከዚህ ሊመጣ ይችላል፤ ከጋስኬቱም ሊመጣ ይችላል። እኔ ላይ ሁለቱም ነበሩ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ እንዲያውም ቴርሞስታቱ ሲወጣ የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ በጎን ዞሮ ይመለሳል፤ ዳገት ላይ ከበፊቱ የባሰ ይሞቃል።

አሁን መኪና ስታዩ ምን እንደምታደርጉ ልንገራችሁ። ሻጩ እየነዳ እንዲያመጣላችሁ አትፍቀዱ። ማታ ደውላችሁ «ጠዋት ሳይነሳ እመጣለሁ» በሉ፤ ስትደርሱም ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ካገኛችሁት ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና ውሃውን እዩ፤ ይህን የምታደርጉት ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ዝገት ነው ወይስ ቀለም ያለው ኮለንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ)? ሞተሩ ሲነሳ ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋ ካያችሁ ጋስኬቱን ጠርጥሩ። ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙና ጠብቁ። ቴርሞስታት ያለው መኪና ላይ ራዲያተሩ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ቀስቱ ወደ መሃል ሲጠጋ በድንገት ይሞቃል። ገና ከጅምሩ ከሞተሩ ጋር አብሮ ለብ እያለ ከመጣ ቴርሞስታቱ የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። ስትዳስሱ እጃችሁን ከፋኑ አርቁ። ፋኑንም እዩት፤ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ፣ ኤሲ ሳይከፈት፣ ቁልፍ እንደዞረ የሚጮህ የኤሌክትሪክ ፋን ዳይሬክት ታስሮ፣ ማለትም ሙቀቱን ሳይጠብቅ ሁልጊዜ እንዲዞር ተደርጎ፣ ሊሆን ይችላል። ያም ሌላ መሸፈኛ ነው።

ከዚያ አውራ መንገድ ላይ አውጡት። ሲሮጥ ቀስቱ የሚወርድ፣ ቆሞ ሲጠብቅ የሚወጣ ከሆነ ቴርሞስታቱን ጠርጥሩ። በኮምፒውተር ማስመርመር ከቻላችሁ የውሃውን ሙቀት እየነዳችሁ አንብቡት። 60ና 70 ውስጥ እየዋለለ ከቀረ ችግር አለ። «ፒ0128» የሚል ኮድ ከወጣም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ውሃው ቴርሞስታቱ ሊጠብቀው ከሚገባው ሙቀት በታች ነው ማለት ነው። ቀስቱ ዝቅ ያለ መኪና ሁሉ ግን ቴርሞስታቱ ወጥቷል አልልም። የተበላሸ ሴንሰር ወይም ጌጅ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ላይ ቀርቶም ይሆናል። ቴርሞስታት ብቻ ጎድሎ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ማስገባቱ ቀላል ሥራ ነው። ነገር ግን ለምን እንደወጣ ሳታውቁ አትክፈሉ።

እኔ ሻጩ ጋ ስደውል የመለሰልኝ ውሉን ነው። «አይቼና አስፈትሼ ገዝቻለሁ» ብዬ ፈርሜያለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እያወቀ ጉድለት የደበቀ ሻጭ በእንዲህ ያለ አንቀጽ እንዲሸሸግ አይፈቅድም፤ ግን ማወቁን የማስረዳት ሸክሙ እኔ ላይ ወደቀ፤ ማስረጃም አልያዝኩም። ስለዚህ እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ መስመር አስገቡ፦ «ሻጭ የመኪናው ቴርሞስታት በቦታው መኖሩንና ሞተሩ ከዚህ በፊት ሙቀት አንስቶም ሆነ ቴስታታው ወርዶ የማያውቅ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» እውነተኛ ሻጭ ይህን ለመፈረም አይቸገርም። የሚያንገራግር ከሆነ ቀብድ ሳትሰጡ ተመለሱ።