ስልክ፣ ያገለገለ ካኖን፣ ሚረርለስ ወይስ ኪራይ? በትንሽ በጀት ፊልም ለምትሠሩ

አጭር ፊልም ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱን ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ። ፊልማችሁን ማን ነው የሚያየው? በምንስ ላይ? ተመልካቻችሁ ከሥራ ሲመለስ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ በስልኩ የሚያይ ከሆነ፣ ዳታ ለመቆጠብ ሲል ጥራቱን ወደ 360 ወይም 480 ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። በ4ኬ (በጣም ከፍተኛ በሆነው የምስል ጥራት) መቅረጻችሁን እንኳ አያውቅም። ንግግሩ ካልተሰማው ግን ወዲያው ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ የእኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ ብርሃን፣ ካሜራ መጨረሻ።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር በሚቀጥለው ወር ያሳስታችኋል። ይልቅ ገንዘቡ ምን እንደሚገዛላችሁና ምን እንደማይገዛላችሁ ልንገራችሁ። (የካሜራዎቹና የአፖቹ ዓመተ ምሕረት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ስልክ

ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ አንዴ ተገዝቷል። በ2019 የወጣው አይፎን 11 እንኳ በ4ኬ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ይቀርጻል። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባል አፕ አለ፣ ነፃ ነው። ለአይፎን በ2023፣ ለአንድሮይድ በ2024 ወጣ። አንድሮይድ ላይ በሁሉም ስልክ ስለማይሠራ፣ ለፊልም ብላችሁ ስልክ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አረጋግጡ። ጥቅሙ ምንድነው? ፎከሱን፣ የብርሃኑን መጠንና ዋይት ባላንሱን (የቀለሙን ሚዛን) ቆልፋችሁ ትቀርጻላችሁ። የስልክ ቪዲዮ ከሩቅ የሚያስታውቀው አብዛኛውን ጊዜ በጥራት ማነስ አይደለም፤ ተዋናዩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስልኩ በራሱ ጊዜ ብርሃኑንና ቀለሙን ስለሚቀያይር ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሁሉም ካሜራ ይሠራል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ፍሬሙን በሰከንድ 25፣ ሻተሩን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ስታደርጉ አምፖል ሥር የሚታየው ብልጭልጭታ በአብዛኛው ይጠፋል። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ካሜራ ብዙ ጊዜ ኤንቲኤስሲ (ለ60 ኸርዝ አገር የሚሆነው) ላይ ሆኖ ስለሚመጣ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ፓል (ለ50 ኸርዝ የሚሆነውን) አድርጉት። አንዳንድ የሶኒ ካሜራዎች ይህን ስትቀይሩ ሜሞሪው ፎርማት እንዲደረግ ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት ጨርሱት።

የስልክ ድካሙ ማታ ይጀምራል። ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ ብርሃን ሲያንስ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይበዛል፣ ፊት ይደበዝዛል። ቀትር ፀሐይ ላይ ደግሞ ይግላል። ሜሞሪም ይበላል፤ አይፎን በ4ኬ በ30 ፍሬም ሲቀርጽ፣ በተጨመቀው ፎርማት እንኳ፣ በደቂቃ ወደ 170 ሜጋባይት ይወስዳል፣ በሰዓት 10 ጊጋ ገደማ ማለት ነው። በ1080 (ከ4ኬ ዝቅ ባለው ጥራት) ግን 60 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሌላው የማይወራለት ችግር የፍሬሙ ብዛት መዋዠቁ ነው። ስልክ 30 ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ ትንሽ ዝቅ ከፍ ይላል፤ ድምፁን በሌላ ዕቃ ከቀረጻችሁ ረጅም ሾት ላይ ከንፈርና ድምፅ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። መፍትሔው ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍሬም መቀየር ወይም ሾቱን አሳጥሮ መቅረጽ ነው። እና አደራ፣ ቀረጻ ላይ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት።

«በስልክ ፊልም አይሠራም» ለሚላችሁ መልስ አለ። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሾን ቤከር በ2015 ሰንዳንስ በሚባለው የፊልም ፌስቲቫል ላይ ያሳየውን ፊልም የቀረጸው በአይፎን 5ኤስ ነው። ግን ታሪኩን ሙሉውን ውሰዱት። ስልኩ ላይ ልዩ ሌንስ ተገጥሞ ነበር፣ ማረጋጊያ ነበር፣ ድምፁም ለብቻው በባለሙያ ነው የተቀረጸው።

ያገለገለ ዲኤስኤልአር

ዲኤስኤልአር ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ነው። እዚህ ላይ በብዛት የምታገኙት ካኖን 600ዲ፣ 700ዲ እና 70ዲ ነው። ሦስቱም 1080 ብቻ ይቀርጻሉ፣ ሦስቱም የሚታጠፍ ስክሪንና የማይክ ቀዳዳ አላቸው፣ ሦስቱም የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የላቸውም። ዋናው ልዩነት ፎከስ ላይ ነው። 70ዲ በ2013 ሲወጣ ካኖን ዱዋል ፒክስል የሚለውን ፎከስ ያስገባበት የመጀመሪያው ካሜራ ነበር፤ ሰው ወደ ካሜራው ሲራመድ ተከትሎ ይይዛል። ብቻችሁን የምትቀርጹ ከሆነና የዋጋው ልዩነት ከአቅማችሁ ካላለፈ 70ዲን ምረጡ።

600ዲ በጣም ለጠበበ በጀት ነው። የ2011 ካሜራ ነው፣ 4 ጊጋ ሲሞላ ይቆማል፣ 12 ደቂቃ አካባቢ ማለት ነው። ለፊልም ችግር አይሆንም፤ ለቃለ መጠይቅ ግን ሰውየው እንባው ሊመጣ ሲል ይቆምባችኋል። ማጂክ ላንተርን የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ሜሞሪው ላይ ብትጭኑ የድምፅ መለኪያና የፎከስ ምልክት ይጨምርላችኋል፤ ካኖን የማያውቀው ስለሆነ ኃላፊነቱ የራሳችሁ ነው።

እነዚህን ካሜራዎች አሁንም የሚያስገዛቸው ሌንስ ነው። 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ርካሽ ነው፤ በትንሽ ብርሃን ይሠራል፣ ከጀርባ ያለውን የተዝረከረከ ነገር አደብዝዞ ፊትን ያወጣል። ስልክ ይህን በሶፍትዌር ሲያስመስል ፀጉር ላይ ይበላሻል። ድክመታቸው ደግሞ ምስሉ ለስለስ ይላል፣ ጥቃቅን መስመር ያለው ነገር ላይም ይርገበገባል። ከሩቅ የሚታይ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ፣ እነዚህን አስቀድማችሁ አስወግዱ ወይም ፎከሱን ከነሱ ላይ አንሱ።

ያገለገለ ስትገዙ አትቸኩሉ። ሌንሱን በስልክ መብራት አብርታችሁ እዩት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ማይክ ሰክታችሁ ገመዱን ነቅነቅ እያደረጋችሁ ቅረጹ፤ የማይክ ቀዳዳ ቶሎ የሚላላ ነገር ነው። ሌንሱን ሸፍናችሁ በጨለማ ቅረጹና የማይጠፋ ነጭ ወይም ቀይ ነጥብ ካለ ተመልከቱ። ባትሪው ሞልቶ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ ማለት ይከብዳል፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሳይጠፋ ይቅረጽ። ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ሜሞሪ ካርድ ፌክ ስለሚበዛበት ኤች2ቴስትደብሊው በሚባል ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ሞክሩት፤ 64 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበት ከዚያ በታች ሆኖ ሲገኝ የሚጠፋው የቀረጻችሁት ሥራ ነው።

ሚረርለስ

ሚረርለስ ያ መስታወት የሌለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ነው። ሁለቱን ብቻ ላነጻጽር፣ ካኖን ኤም50 እና ሶኒ ዜድቪ-ኢ10። ኤም50 በ2018 የወጣ ነው፣ ሳጥኑ ላይ 4ኬ ይላል። ግን በ4ኬ ስትቀርጹ ምስሉ በጣም ይጠብባል፣ ዱዋል ፒክስል የተባለው ጥሩው ፎከስም አይሠራም። ስለዚህ የ1080 ካሜራ ነው ብላችሁ አስቡትና ዋጋውን በዚያ መዝኑ። በዚህ ላይ ካኖን ወደ ሌላ የሌንስ ዓይነት ስለዞረ ለዚህ ካሜራ አዲስ ሌንስ አይጠበቅም፤ በአዳፕተር ግን የድሮዎቹን የካኖን ሌንሶች ይቀበላል፣ ቤታችሁ ካሉ ትልቅ ጥቅም ነው።

ዜድቪ-ኢ10 በ2021 ሲወጣ ካሜራው ብቻውን 700 ዶላር አካባቢ ነበር። እውነተኛ 4ኬ አለው፣ ፎከሱ አስተማማኝ ነው፣ የማይክም የጆሮ ማዳመጫም ቀዳዳ አለው። የጆሮ ማዳመጫውን አቅልላችሁ አትዩት፤ ድምፁ መግባት አለመግባቱን እዚያው ማወቅ ማለት ነው። ድክመቱ፦ ካሜራው ውስጥ ማረጋጊያ ስለሌለው በእጅ ይዛችሁ ስትራመዱ ይንቀጠቀጣል፤ ካሜራውን ፈጠን አድርጋችሁ ስታዞሩ በሮችና ምሰሶዎች ይጣመማሉ፤ ባትሪው ትንሽ ነው። ትራይፖድ ለሚጠቀም ሰው ከሦስቱ ሁለቱ አያስጨንቁትም።

ሚረርለስ ግዙ የምለው ካሜራው ሠርቶ የሚከፍላችሁ ከሆነ ነው። ሠርግ፣ ልደት፣ የምርቃት ክሊፕ የምትሠሩ ከሆነ ግዙት፣ ቅዳሜና እሁድ እሱ ይሠራል፣ በሌላው ቀን ፊልማችሁን ትሠራላችሁ። ሥራ ሳይኖራችሁ ለአንድ አጭር ፊልም ብላችሁ ግን ዕቁባችሁን ሁሉ አታፍስሱበት።

ኪራይ

ስክሪፕቱ ካለቀ፣ ተዋናዮቹ ከተለማመዱ፣ ቦታው ከተፈቀደ፣ ለሁለት ቀን ጥሩ ካሜራ መከራየት ከመግዛት በብዙ ይሻላል። ኪራይ የሚያከስረው ያልተዘጋጀ ሰውን ነው፤ ካሜራው መጥቶ ተዋናይ የሚጠበቅበት ቀን ሙሉ ገንዘቡ ይቆጥራል። ብላክማጂክ ፖኬት 4ኬ የሚባለውን የፊልም ካሜራ የምትከራዩ ከሆነ ባትሪ በብዛት ጠይቁ፣ አንዱ ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የሚቀርጸው ፋይልም ከባድ ነው፣ የኤዲተራችሁ ላፕቶፕ ይችለው እንደሆነ ቀድማችሁ ሞክሩ። ዕቃውን ስትረከቡ በፊታቸው በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፣ ጭረቱም ስብራቱም ይታይ።

ድምፅ፣ ዋናው ጉዳይ

ቦያ ቢዋይ-ኤም1 የሚባለው ባለ ገመድ የልብስ ማይክ በዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ለብሩ ከሁሉም የበለጠ የሚሰጣችሁ ዕቃ ነው። ገመዱ 6 ሜትር ነው፣ ለስልክም ለካሜራም በማብሪያው ይቀያየራል። ያችን የሰዓት ባትሪ የምታክል ባትሪውን መለወጫ ያዙ። አዳዲስ ስልኮች ክቡ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌላቸው አዳፕተር ያስፈልጋል፤ ከስልኩ ጋር ሞክራችሁ ግዙ፣ ቻርጅ ብቻ የሚያሳልፍ አዳፕተር ብዙ አለ።

ገመድ አልባው ምቹ ነው፣ ለሚራመድ ተዋናይ የግድ ሊሆን ይችላል። ርካሹ ግን ድምፁን በራሱ ጊዜ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ተዋናዩ ዝም ሲል የጀርባው ሁካታ ተነስቶ ይመጣል። በእሱ ፈንታ የምመክረው ይሄን ነው፦ ቦያውን ከሁለተኛ ስልክ ጋር ሰክታችሁ ስልኩን ተዋናዩ ኪስ ውስጥ አስገቡት፣ መቅጃውን አስነሱ፣ ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ኤዲት ላይ ጭብጨባውን ከጭብጨባው ጋር ታገናኛላችሁ። ገንዘብ ሲገኝ ዙም ኤች1ኤን ወይም እሱን የመሰለ መቅጃ መግዛት ይቻላል።

ማይክ ብቻውን ግን አዲስ አበባን አያሸንፍም። ቦታ ስትመርጡ በዓይናችሁ ብቻ አትምረጡ፣ ቀረጻ በምታደርጉበት ሰዓት ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። የሚኒባስ ረዳት ጥሪ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ የግንባታ ድምፅ፣ ማታ ደግሞ ውሻ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ንግግር ያለበት ትዕይንት አታስቡ፤ ዝናቡ ሲጀምር የትኛውም ማይክ አያድናችሁም። ፍራሽና ብርድ ልብስ ከካሜራው እይታ ውጭ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉ ባዶ ቤት ውስጥ ያለው ማስተጋባት በእጅጉ ይቀንሳል።

ለኤዲት ብዙ አልልም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው እስከ 4ኬ ያወጣል፣ ቀለም ላይ አቻ የለውም፣ ግን 16 ጊጋ ራም የሌለው ላፕቶፕ ላይ ያስለቅሳል። ካፕከት ስልክ ላይ ለአጭር ሥራ ይበቃል።

ታዲያ የቱን?

ደህና ስልክ ካላችሁና የመጀመሪያ ሥራችሁ ከሆነ ካሜራ አትግዙ፤ ማይክ፣ ትራይፖድና አንድ መብራት ግዙ። ስልካችሁ ደካማ ከሆነና ከጀርባው የደበዘዘ ምስል የምትወዱ ከሆነ ያገለገለ 70ዲ ከ50ው ሌንስ ጋር። በካሜራ እንጀራ የምትበሉ ከሆነ ዜድቪ-ኢ10። ፊልሙ አዳራሽ ውስጥ በትልቅ ስክሪን የሚታይ ከሆነ ኪራይ፣ ያውም ከድምፅ ባለሙያ ጋር።

ማሳያውም ምርጫ ይፈልጋል። ቴሌግራም ፊልሙን ቶሎ ያዳርሰዋል፣ እስከ 2 ጊጋ ፋይል ይቀበላል፤ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨምቀዋል፣ እንደ ፋይል ከላካችሁት ጥራቱን ይጠብቃል። ነገር ግን ፊልሙ ከእጃችሁ ይወጣል፣ ሌላ ቻናል ላይ ያለ ስማችሁ ታገኙታላችሁ፣ ስለዚህ ስማችሁ ፊልሙ ውስጥ ይጻፍ። ቲክቶክ ለቅንጫቢ ነው። ለሙሉው ፊልም እኔ ዩቲዩብን እመርጣለሁ፤ ከዓመታት በኋላም ፈልጎ የሚያገኘው ሰው አለ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥሩ ካስገባችሁበትም ውጭ አገር ያደጉ፣ አማርኛ እየሰሙ ሁሉን የማይከተሉ ልጆች ያዩታል። የሰው ሙዚቃ ያለ ፈቃድ ካስገባችሁ ግን ፊልሙ ሊታገድ ወይም ገቢው ለሙዚቃው ባለቤት ሊሄድ ይችላል፣ ወዳጃችሁ የሆነ ክራር ተጫዋች ለምኑ።

ፌስቲቫል የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ደንባቸውን ሳታነቡ ዩቲዩብ ላይ ለሁሉም አትልቀቁት። አንዳንዶቹ ቀድሞ የታየ ፊልም አይቀበሉም። እስከዚያው ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ እንዲያየው አድርጋችሁ ጫኑት፣ ዋናውን ፋይል በሁለት የተለያዩ ሀርድ ዲስኮች ላይ አስቀምጡ፣ አንዱ ሌላ ሰው ቤት ይሁን።