ማሞድ ኤስኤል1፦ አሮጌውን የእንፋሎት ባቡር ገዝቶ መጠገን ያዋጣል?

አሮጌ ማሞድ ኤስኤል1፣ ማለትም በእውነተኛ እንፋሎት የሚሄደው ትንሽ ሞዴል ባቡር፣ ለሽያጭ ቀርቦ ካያችሁ፣ ከዋጋው በፊት ቦይለሩ (ውሃው የሚፈላበት በርሜል) ውሃ ጨርሶ እሳት ላይ ቆይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። የተላጠ ቀለም፣ የጠፋ ጭስ ማውጫ፣ የተጣመመ ቢዬላ (ፒስተኑን ከመንኮራኩሩ የሚያገናኘው ዘንግ) በአንድ ቅዳሜ ይስተካከላል። በባዶው የተቃጠለ ቦይለር ግን ሌላ ነገር ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው ክዳን መልኩ ጠቁሮ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ፣ በዙሪያውም የቀለጠ ብየዳ ነጠብጣብ ከታየ፣ የምትገዙት ባቡር ሳይሆን መለዋወጫ ነው። እንደ መለዋወጫ ከተሸጠ ችግር የለም፤ እንደ ደህና ባቡር ከተሸጠ ግን ትታችሁት ሂዱ።

ማሞድ የሚለው ስም "ማሊንስ" እና "ሞዴልስ" ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገጣጠመ ነው። ድርጅቱን ጄፍሪ ማሊንስ በ1937 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ በርሚንግሃም አቋቋመው። ለረጅም ዘመን የታወቀው ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጡ የእንፋሎት ሞተሮች፣ በትራክተርና በመንገድ መዳመጫ ሞዴሎች ሲሆን፣ ሐዲድ ላይ የሚሄደው ኤስኤል1 የወጣው በ1980 አካባቢ ነው። ባቡሩ ባለ አራት መንኮራኩር ነው። እሳቱ በመሳቢያ ሆኖ ከናስ ቦይለሩ ሥር ይገባል፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች ደግሞ በግራና በቀኝ በሞላ ተይዘው ይወዛወዛሉ። በ32 ሚሊሜትርም በ45 ሚሊሜትርም ሐዲድ የሚሄድ ይገኛል። በልጆች መጫወቻ ዋጋ እንዲሸጥ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ሁሉ ነገሩ ቀላል ነው። ዛሬ በቤት ውስጥ መሣሪያ መጠገን የሚቻለውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበትን ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ባቡሩ ደካማ ሲሆንበት መጀመሪያ የሚገዛው ትልቅ ማንደጃ ነው። የኤስኤል1 ዋና ችግር ግን የእሳት ማነስ አይደለም፤ የእንፋሎት ማፍሰስ ነው። ቦይለሩ የሚሠራው በ1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ወይም ከዚያ ዝቅ ባለ ግፊት ነው። ከዚህች ትንሽ ግፊት ላይ በሲሊንደሩ ገጽ፣ አቅጣጫ በሚቀይረው ማርሽና ግፊት ሲበዛ በሚከፈተው የደህንነት ቫልቭ በኩል ጥቂት ጥቂት ካመለጠ፣ ለፒስተኑ የሚተርፍ ነገር የለም። እሳት መጨመር የሚያመልጠውን እንፋሎት ያበዛዋል፤ ቀለሙን ያቃጥላል፤ ውሃውንም ቶሎ ያደርቃል። ስለዚህ ገንዘባችሁን በቅደም ተከተል አውጡ፦ መጀመሪያ ማሸጊያዎቹ፣ ቀጥሎ የደህንነት ቫልቩ፣ ከዚያ ዘይት መስጫው፣ ማንደጃው በመጨረሻ።

ሥራው ከቦይለሩ ይጀምራል። የውስጡን ኖራ ለማውጣት 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሟሙቶ ይሞላና ከአንድ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ይቆያል፤ ከዚያ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በንጹህ ውሃ ይታጠባል። አሳድሮ መተው ጥፋት ነው። አሲዱ ከናሱ ውስጥ ዚንኩን እየበላ ይወጣና የሚቀረው መዳብ ስፖንጅ ይመስላል። ናስ ቢጫነቱን ትቶ ወደ ሮዝ ካደላ ይህ ጀምሯል ማለት ነው።

ከዚያ የጥንካሬ ሙከራ ይከተላል፤ ይህ በውሃ እንጂ በአየር አይደረግም። ቦይለሩ ምንም አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ ውሃ ይሞላና በትንሽ የእጅ ፓምፕ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ ይገፋል። ለ1 ባር ቦይለር 1.5 ባር ማለት ነው። 10 ደቂቃ ያህል መርፌው ሳይወርድ መቆየት አለበት። ውሃ ስለማይጨመቅ ብየዳው ቢሸነፍ ጠብ ጠብ ብሎ ያበቃል፤ የታመቀ አየር ግን ይፈነዳል። የብስክሌት ፓምፕ የሚያስፈልገው የጥንካሬ ሙከራውን ካለፈ በኋላ፣ በጣም በትንሽ ግፊት፣ የሚያፈስበትን ቦታ በሳሙና አረፋ ለማየት ብቻ ነው።

የቀድሞው ባለቤት ቦይለሩን በእርሳስ ብየዳ ጠግኖት ከሆነ ተጠንቀቁ። በ1 ባር ላይ ያለ እንፋሎት 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ተራው የእርሳስና የቆርቆሮ ብየዳ ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይላላል። ውሃ እስካለ ድረስ ውሃው ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ውሃው ሲያልቅ ግን እሳቱ ላይ ያለው ናስ በአጭር ጊዜ ከዚያ ሙቀት ያልፋል። የብር ብየዳ የሚቀልጠው ከ600 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ትክክለኛው ጥገና እሱ ነው፤ ለባለሙያ መስጠቱም ያዋጣል። አሮጌ ቦይለር ላይ ከፍ ባለ ግፊት የሚከፍት አዲስ የደህንነት ቫልቭ የሚገጥሙ አሉ። ባቡሩ እንደሚጠነክር እናውቃለን፤ ቢሆንም አታድርጉት። ያ ቦይለር ለዚያ ግፊት አልተሠራም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሲሊንደሩ። የሚወዛወዝ ሲሊንደር የተለየ ቫልቭ የለውም። ሲሊንደሩ ራሱ እንደ ዥዋዥዌ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ጠፍጣፋው ገጹ ላይ ያለው ቀዳዳ ሲሊንደሩ ተለጥፎ በሚወዛወዝበት ማቀፊያ ላይ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች ጋር በየተራ ይገጥማል፤ አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል። የማሸጉ ሥራ ሙሉ በሙሉ በሁለት ጠፍጣፋ ገጾችና በአንዲት ሞላ ላይ ወድቋል ማለት ነው። ገጾቹ ላይ ጥፍር የሚይዘው ጭረት ካለ እንፋሎቱ በዚያ ይሾልካል።

ማስተካከያው ርካሽ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ወፍራም የመስታወት ቁራጭ ላይ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጥቂት ዘይት አጣብቁ። የሲሊንደሩን ገጽ ዘንጉ ከወጣለት ቀጥ አድርጎ በማስተኛት፣ ካልወጣለት ደግሞ ለዘንጉ ቀዳዳ የተበጀለት ወረቀትና መስታወት ተጠቅማችሁ፣ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራችሁ በቀላሉ አንቀሳቅሱት። አትጫኑት፤ ስትጫኑት ጠርዙ ይክባል። ገጹን አስቀድማችሁ በእስክሪብቶ ቀለም ብትቀቡት ያልተነካው ቦታ ይታያችኋል። ቀለሙ እኩል ሲጠፋ ወደ 1200 ቁጥር ተሻገሩና ጨርሱ። የማቀፊያውንም ገጽ እንዲሁ። ከዚያ ቀዳዳዎቹን ጨምሮ በሳሙናና በብሩሽ እጠቡ፤ የቀረ የአሸዋ ቅንጣት የለፋችሁበትን በአምስት ደቂቃ ያበላሸዋል።

ሞላው ሲላላ ግፊቱ ሲሊንደሩን ከማቀፊያው ያነሳዋል፤ ነጭ እንፋሎት በጎን ሲወጣ የሚታየው ይሄ ነው። ሲጠብቅ ደግሞ ፍትጊያው ጉልበቱን ይበላዋል። ትክክለኛው ቦታ የሚገኘው ዳዶውን ከላላ ጀምሮ በሩብ ዙር እያጠበቁ፣ መንፋቱ እስኪቆም ብቻ በመሄድ ነው። ፒስተኑ ካለቀ ኦሪንግ (ክብ የላስቲክ ማሸጊያ) የሚቀበል ፒስተን ለኤስኤል1 ተሠርቶ ይሸጣል። ኦሪንጉ ሙቀት የሚችለው የቪቶን ዓይነት ይሁን፤ ደግሞም በጣም ጠብቆ አይግባ። ዘይት የተቀባው ፒስተን በጣት ተገፍቶ ያለ ትግል መሄድ አለበት።

የፊትና የኋላ ማርሹ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ካለው ማከፋፈያ ላይ ነው። የሚገባውንና የሚወጣውን መስመር በመቀያየር አቅጣጫ ይለውጣል። አሠራሩ ሲሊንደሩን ስለሚመስል ሕክምናውም ያው ነው፤ ገጹን ማስተካከል፣ ሞላውን መመጠን። ሲሊንደሮቹ ታድሰው ባቡሩ አሁንም ከሰነፈ፣ ከ10 ጊዜ 9ኙ እዚህ እያፈሰሰ ነው። በነገራችን ላይ የእንግሊዝ አሮጌ ጥርስ ያላቸው የቡሎን ቀዳዳዎች ውስጥ የሚሊሜትር ቡሎን በግድ አታስገቡ። ሁለት ዙር ይገባና ናሱን ላጭቶት ይቀራል።

የደህንነት ቫልቩ አዲስ ቢሆን ይመረጣል፤ ዋጋው ከቦይለሩ ጋር አይወዳደርም። ያለውን ለማቆየት የወሰነ ሰው ሮንዴላውንና ማሸጊያውን ይለውጥ፣ ዝገት የጀመረውን ሞላ ይጣል፤ ሞላውን ጎትቶ ማርዘም የለም፣ ሥሩ ሌላ ሮንዴላ መጨመርም የለም። ሁለቱም የሚከፈትበትን ግፊት ሳያሳውቁ ይለውጣሉ።

ስለ ዘይት። ኤስኤል1 ከፋብሪካው ሲወጣ ዘይት መስጫ አልነበረውም፤ ትልቁ ጉድለቱም ይህ ነው። በእንፋሎት መስመሩ ላይ የሚገባ ትንሽ ዘይት መስጫ ይሸጣል፤ ከማሸጊያዎቹና ከደህንነት ቫልቩ ቀጥሎ የምትገዙት ይሄን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጥቂት እንፋሎት ገብቶ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ውሃው ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዘይቱም ከፍ ብሎ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ዘይቱ ለእንፋሎት የተሠራው ወፍራሙ 460 ደረጃ ይሁን። የመኪና ሞተር ዘይት በሙቀቱ ቀጥኖ በእንፋሎቱ ታጥቦ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ መስጫው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ በስሪንጅ ይወጣና በዘይት ይተካል። ይህን የረሳ ሰው በሁለተኛው ጉዞ ውሃ እንጂ ዘይት አይሰጥም።

ባቡሩ ሲሠራ የመጣው ለደረቅ ነዳጅ ነው። ነዳጁ ሄክሳሚን ሲሆን፣ ኤሪክ ሹም የተባለ ጀርመናዊ በ1936 እ.ኤ.አ. "ኤስቢት" ብሎ ለገበያ ካወጣው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጭሱ ይመርዛል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ በፍጹም አይለኮስ። ሲቃጠል የሚተወውም ተጣባቂ ቅሪት ሳይቆይ ካልተጠረገ ቀለሙን ይበላል። ክር ያለው የስፒሪት ማንደጃ ንጹህ ነው፤ ነገር ግን ነበልባሉ በፀሐይ አይታይም። እየነደደ አትሙሉት፤ የጠፋ ቢመስላችሁም ከላይ እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀቱን ሳታረጋግጡ አትሙሉት። ጋዝ ለመቆጣጠር ይመቻል፤ ግን ኃይለኛ ስለሆነ ውሃውን ማየት ይጠይቃል። ንፋስ ለሦስቱም ጠላት ነው። ከቦይለሩ ሥር በክፍት የሚነድ እሳት ትንሽ ሲነፍስ ወደ ጎን ይተኛና ግማሹ ሙቀት አየሩን ሲያሞቅ ይውላል። በመሳቢያው ግራና ቀኝ የምትጨመር ቀጭን ቆርቆሮ ከአዲስ ማንደጃ የበለጠ ትጠቅማለች።

የትኛውንም ነዳጅ ብትመርጡ እሳቱ ከውሃው ቀድሞ ማለቅ አለበት። የሚረጋገጠው በመለካት ነው። ባዶውን ቦይለር በስሪንጅ እየሞላችሁ ስንት ሚሊሊትር እንደሚይዝ አንድ ጊዜ መዝግቡ። ለጉዞ የዚያን ሦስት አራተኛ ሙሉ፤ ቀሪው ለእንፋሎቱ ቦታ ነው። ነዳጁን መዝናችሁ ለኩሱና ከጎኑ ሳትለዩ ሙሉውን እንዲነድ ተዉት። ውሃው አልቆ እንደሆነ ከጠረጠራችሁ ግን ወዲያውኑ አጥፉት። ሲቀዘቅዝ የተረፈውን ውሃ በስሪንጅ ስቡና ለኩ። ከሞላችሁት ሲሶው ካልተረፈ ነዳጁን ቀንሱ። ውሃው የተጣራ ወይም በንጹህ ዕቃ የተቀበላችሁት የዝናብ ውሃ ይሁን።

የሐዲዱ ነገር አጭር ነው። 32 ሚሊሜትሩ በ1 ለ 19 መጠን የእንግሊዝን ጠባብ ባለ ሁለት ጫማ ሐዲድ ይወክላል። 45 ሚሊሜትሩ በ1 ለ 22.5 አንድ ሜትር ስፋት ያለውን ይወክላል፤ ይህ ከለገሃር ተነስቶ በድሬዳዋ ጅቡቲ ይደርስ የነበረው የአሮጌው መስመር ስፋት ነው። ያን መስመር በግቢው ውስጥ ማየት የሚፈልግ ሰው 45ቱን ይምረጥ። የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ላይ የምታስኬዱት ከሆነ መጀመሪያ ኃይሉን ንቀሉ። የብረት መንኮራኩሮቹ ሁለቱን ሐዲድ ያገናኙና ኤሌክትሪኩ ይጋጫል።

ሲነሳ ወዲያው አይሄድም፤ አትጨነቁ። በቀዝቃዛው ሲሊንደር ውስጥ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ፒስተኑን ይይዘዋል። ማርሹን ወደፊት አድርጋችሁ ባቡሩን በጓንት ይዛችሁ አንድ ሁለት ሜትር በቀስታ ግፉት። በጭስ ማውጫው የፈላ ውሃ ይተፋል፤ ፊታችሁን አርቁ። ውሃው አልቆ ደረቅ እንፋሎት ሲመጣ በራሱ ይይዛል። ያለ ፉርጎ ብቻውን አትልቀቁት፤ የዚህ ባቡር ፍጥነት በደንብ የሚገዛ ስላልሆነ ጠመዝማዛው ላይ ይገለበጣል። ሦስት አራት ፉርጎ ሲጎትት ነው አካሄዱ የሚያምረው።

በእንግሊዟ ዶንካስተር የሚሠሩት የራውንድሃውስ የእንፋሎት ሞዴል ባቡሮች ግን እሳታቸው በቦይለሩ ውስጥ ያልፋል፤ ንፋስ አይረብሻቸውም፤ ቀስ ብለውም ይሄዳሉ። ዋጋቸው ግን የአሮጌ ኤስኤል1ን ብዙ እጥፍ ነው። ባቡር ማስኬድ ብቻ የሚፈልግ ሰው አጠራቅሞ እነሱን ይግዛ። እንፋሎት እንዴት እንደሚሠራ በእጁ ነክቶ ማወቅ ለሚፈልግ፣ ቦይለሩ ደህና የሆነ ኤስኤል1 ከዋጋው በላይ ይሰጣል፤ ያለ ማቅማማት እንመክራለን።

ጉዞው ሲያልቅ እሳቱ ይጥፋ፣ ግፊቱ በራሱ ይውረድ። የቦይለሩን የውሃ መሙያ ክዳን ግፊት እያለ አትፍቱ። ለብ ሲል ውሃውን አውጡ፣ ክዳኑን ክፍት ተዉት፣ የሲሊንደሩ ገጽ ላይ ሁለት ሁለት ጠብታ ዘይት አድርጋችሁ መንኮራኩሩን ጥቂት ዙር በእጅ አዙሩና አስቀምጡት።