ማይክሮፎኑን ስጫን የሚሸሸው ፍሪኩዌንሲ፦ የውጭ ቪኤፍኦና የድሮ ሲቢ ሬዲዮ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ቪኤፍኦ (የሬዲዮን ፍሪኩዌንሲ በመደወሪያ እንደ ልብ የሚለዋውጥ፣ ከውጭ የሚቀጠል ሣጥን) የሸጠልኝ ሰው «ሲሞቅ ይረጋል» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ከታገሥሁት ይረጋል። ያማረረኝ ግን ሙቀቱ አይደለም፤ የማይክሮፎኑን ቁልፍ በተጫንሁ ቁጥር ፍሪኩዌንሲው ከቆመበት መሸሹ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሻጩ ትንፍሽ አላለም።

ሬዲዮው የአሜሪካ ሲቢ (ተራው ሕዝብ በአጭር ርቀት የሚነጋገርበት የሬዲዮ አገልግሎት) እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ 40 ቻናል ከማደጉ በፊት የተሠራ ባለ 23 ቻናል የኤኤም ሬዲዮ ነው። የዚያ ዘመን ባለ 23 ቻናል ሬዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ቻናል የራሱ ክሪስታል (በአንድ የተወሰነ ፍሪኩዌንሲ የሚርገበገብ ክፍል) አልነበራቸውም። በብዙዎቹ ውስጥ ከ37.600 እስከ 37.850 ሜጋኸርትዝ የሚደርሱ 6 ክሪስታሎች አሉ፤ ከእነዚህ ላይ 10 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ያሉት ክሪስታሎች እየተቀነሱ ቻናሎቹ ይገኛሉ። ለምሳሌ ቻናል 1 ላይ ሲያስተላልፍ ከ37.600 ላይ 10.635 ተቀንሶ 26.965 ይወጣል። ሲቀበል ደግሞ 10.180 ተቀንሶ 27.420 ይገኛል፤ ይህም ከሚመጣው ሞገድ በ455 ኪሎኸርትዝ የሚበልጥ በመሆኑ መቀበያው የሚፈልገው ልክ ይሞላለታል።

ቪኤፍኦው የሚገባው በ37 ሜጋኸርትዙ ክሪስታል ምትክ ነው። ክሪስታሉን አንሥቼ በቦታው ቀጭን ኮአክስ (የተከለለ የሬዲዮ ገመድ) በትንሽ ካፓሲተር በኩል በየድሁ። ሲቢ ላይ በእንዲህ ያለ የውጭ ቪኤፍኦ ማስተላለፍ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ጀነራል በሚባለው የአማተር ሬዲዮ ፈቃዴ ለአማተሮች ወደተፈቀደው የ10 ሜትር ባንድ ወጣሁ። ቪኤፍኦውን 39.635 ላይ ሳቆመው፣ የሬዲዮው መጠምጠሚያዎች (ኮይሎች) እንደገና ከተስተካከሉ በኋላ፣ 29.000 ላይ ያስተላልፋልም ይቀበላልም። ይህ ሁሉ ያለ ብዙ ጣጣ አለቀ።

ጣጣው የጀመረው ማውራት ስጀምር ነው። ማስተላለፊያውና መቀበያው የሚቀዱት ከአንድ ቪኤፍኦ ስለሆነ፣ ሣጥኑ በሙቀት ቀስ እያለ ቢንሸራተት ሁለቱም አብረው ይንሸራተታሉ። ቁልፉ ሲጫን የሚመጣው መሸሽ ግን ከዚህ የባሰ ነው፤ የምሰማው 29.000 ላይ ሆኖ የምናገረው ወደ 2 ኪሎኸርትዝ ዝቅ ብዬ ነበር፣ ይህንንም የራሴ ሬዲዮ ሊነግረኝ አይችልም። በሰፊ የኤኤም መቀበያ የሚያዳምጡኝ ሰዎችም ቅር ያላቸው ነገር አልነበረም። ሞገዱን በኮምፒውተር ላይ በሚያሳይ ኤስዲአር የተከታተለኝ አንድ ወዳጄ ነው «ስትናገር መሥመርህ እንደ እባብ ይጥመዘመዛል» ያለኝ።

ነገሩን ስመረምረው ቪኤፍኦው 12 ቮልቱን የሚወስደው ሬዲዮው ከሚወስድበት ሽቦ ላይ ሆኖ ተገኘ። ሬዲዮው ሲያስተላልፍ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥርም ፍጆታው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ቮልቴጁ በዚያው ልክ ሲዋዥቅ የኦሲሌተሩ (ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል) ትራንዚስተር ጠባይ ይለወጣል፣ ፍሪኩዌንሲውም ይከተለዋል። ስለዚህ የሞገዱ ኃይል ብቻ በድምፅ ልክ ከፍና ዝቅ ሊልበት በሚገባው በኤኤም ላይ፣ ንግግሬ ሳልፈልገው ፍሪኩዌንሲውንም የሚያወዛውዝ ኤፍኤም ጭምር ሆኖ ይወጣ ነበር። ለቪኤፍኦው የራሱን የኃይል ምንጭ ሰጥቼ ቮልቴጅን በሚያጸናው በ7809 ሬጉሌተር በኩል 9 ቮልት ሳደርገው፣ መሸሹ በስክሪን ላይ ለማየት እስኪያስቸግር ድረስ ቀነሰ። የቀረው ኮአክሱን ሳሳጥረውና በገመዱ ላይ የሚጓዘውን ሞገድ የሚያግድ የፌራይት ቀለበት ሳስገባለት ጠፋ፤ ከአንቴናው የሚመለሰው ሞገድም በገመዱ በኩል ወደ ሣጥኑ ይገባ ነበር ማለት ነው።

ሻጩ ይህን ቢሰማ «ጥፋቱ የሬዲዮህ እንጂ የቪኤፍኦው አይደለም» እንደሚለኝ አልጠራጠርም። ሲቢ ሬዲዮ ላይ እንዲቀጠል ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ግን ሲቢ ሬዲዮ ሲያስተላልፍ ቮልቴጅ እንደሚዋዥቅ ያላወቀ ምኑን አወቀ? ከአንድ ዶላር ያነሰ ዋጋ ያለው ሬጉሌተር ውስጡ ቢገባ ኖሮ የእኔ ወራት በከንቱ ባልባከኑ ነበር። «ኤስአይ5351 ቺፕ ገዝተህ ዲጂታል አድርገውና ተገላገል» የሚሉኝም አሉ፤ ይህ ፍሪኩዌንሲን በዲጂታል መንገድ የሚያመነጭ ቺፕ ነው። አባባላቸው ስሕተት የለበትም፤ በ25 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል የሚሠራው ቺፕ ከኔው ሣጥን እጅግ የጸና ነው። ነገር ግን የሚያወጣው ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ ሃርሞኒክ (የፍሪኩዌንሲው ብዜት የሆነ ትርፍ ሞገድ) የበዛበት ስለሆነ ማጣሪያና ማዳከሚያ ይፈልጋል፤ ከዚህም በላይ እኔ የምወደው ይህን ከባድ መደወሪያ በጣቴ እያዞርሁ፣ የሩቅ ጣቢያ ከጫጫታው መካከል ቀስ እያለ ወጥቶ ወደ ሰው ድምፅ ሲለወጥ መስማት ነው። ለዚህ ደስታ ሲባል ሬጉሌተሩን በራሴ ኪሣራ አስገብቼለታለሁ፣ ሣጥኑንም አልሸጠውም።

ሬዲዮው በ37 ሜጋኸርትዙ አሠራር ያልተሠራ፣ በተለይም ፒኤልኤል (ቻናሎቹን ሁሉ ከጥቂት ክሪስታል በዲጂታል መንገድ የሚያወጣ አሠራር) ያለበት የኋለኛ ዘመን ሬዲዮ ያለው ሰው ግን የሰርኪዩቱን ሥዕል ሳያይ እንዲህ ያለውን ሣጥን እንዲገዛ አልመክረውም፤ በቦታው ሊነሣለት የሚችል ክሪስታል ላያገኝ ይችላል።