የአባቴን ምንሽር ከኑግ ዘይት ላወጡልኝ ሰው

ጤና ይስጥልኝ የሰሜን ሸዋ ልጆች። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኋቸውን አንድ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ላመስግን ነው የመጣሁት። ስማቸውን አልጠራም፤ «ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣኝ» ብለውኛል።

አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና መንዝ ቤታችን አንድ ምንሽር፣ ያንን የድሮ ጠመንጃ፣ ትተውልኝ አለፉ። ፈቃዱን በስሜ አዛውሬ ተረከብኩ። ከዚያ መንከባከቤ መስሎኝ ጨርቅ በኑግ ዘይት ነክሬ ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ ቀባሁት። በቆዳ ከረጢቱ ከትቼ ክረምቱን ሙሉ አስቀመጥኩት። ለመስቀል ባወጣው ዘይቱ እንደ ሙጫ ይዞታል። መወርወሪያው በመከራ ነው የሚከፈተው። ቆዳው የነካው ጎን ዝጎ ቀይ አፈር መስሏል። ጎረቤቴ «ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጣና ድፋበት» አለኝ። እንኳንም አልሰማሁት!

ባለሙያው ገና ስገባ «መጀመሪያ ወረቀትህን» አሉኝ። የጦር መሣሪያ አዋጁን፣ ቁጥር 1177/2012ን፣ በቃላቸው ነው የያዙት። መሣሪያው ጥይት የለውም፣ ባዶ ነው አልኳቸው። «ሁሉም ባዶ ነው ይላል» አሉና ታግለው ከፍተው፣ ትንሿን ጣታቸውን ሰደው ዳበሱ።

የደረቀውን ዘይት በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ አስለቀቁት። ዝገቱን በስስ ዘይት እያራሱ ቀስ ብለው ፈተጉ። ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይልጠዋል ብለው አይነኩትም። ቀጥለው ያደረጉት ግን አስደነገጠኝ። መወርወሪያውን አወጡና የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ በአፈሙዙ ውስጥ ለቀቁበት! በዚያኛው በኩል የወጣው ውሃ የቡና አተላ ይመስላል። «ጋሼ፣ ውሃ አያዝገውም?» አልኳቸው። የድሮ ጥይት መለኮሻው ሲቃጠል ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም፣ በውሃ ነው እንጂ አሉኝ። ብረቱ ስለጋለ ወዲያው ደረቀ። በደረቅ ጨርቅ ደጋግመው ወለወሉት፤ ከዚያ በኋላ ነው ዘይቱ የመጣው።

ስንት ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጥቂት ጠብታ የመሣሪያ ዘይት፣ በቃ። ጣት ሲነካው ይወዛል እንጂ አይንጠባጠብም። የበዛ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ወፍራም ዘይት በውርጭ ይከብዳል። ግራሶ ብረት ከብረት ለሚፋተግበት ቦታ ብቻ፣ እሱም ስስ ተደርጎ። መለዋወጫ ሱቅ የገዛሁትን ደብሊው ዲ ፎርቲ ሳሳያቸው ሳቁብኝ። እሱ ውሃ ማባረሪያ ነው፣ ለወራት ማስቀመጫ አይሆንም አሉ። ጥይት ዘይት አይቀባም፤ ወደ መለኮሻው ከሰረገ ያከሽፈዋል። ከመተኮስ በፊትም አፈሙዙ ውስጥ ያለው ዘይት ተጠርጎ መውጣት አለበት።

ለሰደፉ የተጠቀሙት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የተልባ ዘይት! የእኛው ተልባ። እንጨት ይጠጣውና ይደርቅበታል፤ ብረት ላይ ግን ያው እንደ ኑጉ ሙጫ ነው። የቀቡበትን ጨርቅ ጨብጠው አልጣሉትም፣ ደጅ ዘርግተው አሰጡት። ተጨማድዶ ከተከመረ ራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

የቆዳ ከረጢቱን ለጌጥ ስቀለው ተብያለሁ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። አሁን መሣሪያው ደረቅ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው ያለው፣ ጥይቱ ለብቻው። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ስለሚያልበው፣ እስኪሞቅ ጠብቄ እንደገና እወለውለዋለሁ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። «ነገ ና» ያሉኝ አራት ቀን ፈጀ። ወሬም ይወዳሉ። የጠየቁኝ ግን 400 ብር ብቻ ነው። ጨምሬ ስሰጣቸው መለሱልኝ።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቤታቸውን እጠቁማለሁ። ፈቃዳችሁን ሳትይዙ ግን እንዳትሄዱ፤ እኔ ላክኋችሁ ብትሉም ከደጃፉ አያሳልፏችሁም።