ለወሬ ጎበዝ፣ ለሙዚቃ ሰነፍ፦ ስለ ጆሮ መስሚያዬ

ከጆሮ ጀርባ የሚውለውን መስሚያ መሣሪያ መጠቀም ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ለንግግር አሪፍ ነው። ድሮ ሰው ሲያወራ ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚለው ግን አይገባኝም ነበር። «ሰ»፣ «ፈ» እና «ሸ» ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ቀጭን ድምፅ ላይ ነው ያሉት፤ የኔ ጆሮም የደከመው እዚያው ላይ ነው። አሁን የሐሜት ድምፅ እንኳ አያመልጠኝም።

በነገራችን ላይ እያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ዶሮ ግን መልሳ ታበቅላቸዋለች! ቀናሁባት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሰለቻሉ። የወረቀት ኮሽታ ጆሮ ይበሳል። የራሳችሁ ድምፅ በርሜል ውስጥ ሆናችሁ የምታወሩ ያስመስላችኋል። አይዟችሁ፣ ያልፋል። አእምሮ ለዓመታት ያልደረሰውን ድምፅ እንደገና መልመድ አለበት።

ቅሬታዬ ሙዚቃ ላይ ነው። ማይክሮፎኑና ስፒከሩ በጣም ስለሚቀራረቡ፣ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ሲገባ መሣሪያው ያፏጫል። ይህን ለማፈን የተሠራው ፕሮግራም ሳይቆራረጥ የሚዘልቅ ቀጭን ድምፅ ያሳድዳል። ዋሽንትስ ሌላ ምንድን ነው? ነፊው አንድ ኖታ ይዞ ሲቆይ መሣሪያው ፉጨት መስሎት ይዘምትበታል። ጥርት ያለው ኖታ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያናድዳል!

እኔ ይህን ተራ ብልሽት አልለውም። የትኛው ድምፅ ቁም ነገር፣ የትኛው ጫጫታ እንደሆነ ሠሪዎቹ አስቀድመው ወስነውልኛል። ለእነሱ ሰው ማለት የሚያወራ ፍጡር ነው። መሣሪያው የዝናቡንም ድምፅ ለኔ ብሎ ዝቅ ያደርግልኛል። ማን ለመነው? እኔ ዝናብ መስማት እወዳለሁ።

የሙዚቃ ፕሮግራም የለውም ማለቴ አይደለም። ስልክ ላይ ከሚጫነው አፕ ይገኛል፤ ፉጨት ማፈኛውንና ጫጫታ መቀነሻውን ያላላል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ግን ሜኑው ውስጥ ደብቀውታል፣ የገጠመልኝ ባለሙያም ትንፍሽ አላለም። እንዲህ ያለው ምርጫ ፊት ለፊት መቀመጥ ነበረበት።

ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይዘልቃል፣ ስልክ ጥሪም በብሉቱዝ ጥርት ብሎ ይገባል። ውሏችሁ ከሰው ጋር ማውራት ከሆነ ሳታመነቱ ግዙት። ሙዚቃ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ለሙከራ ስትሄዱ የሙዚቃ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሙያው ፊት ተጫወቱና እዚያው ያስተካክልላችሁ።